ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የማነጻጸሪያ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር በጽሑፍ እንዴት እንደሚገልጹት ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንድነታቸውንና ልዩነታቸውን ማሳየት ትለማመዳላችሁ። የማነጻጸሪያ ድርሰት ዓላማ «ይህ መልካም ነው፤ ያ መጥፎ ነው» ብሎ በጭፍን መፍረድ አይደለም፤ አንባቢው ለኑሮው የሚስማማውን አስተውሎ እንዲመርጥ መርዳት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ «ለማን? ለምን ሥራ? በየትኛው ቦታ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ጸሐፊው እነዚህን ጥያቄዎች የት የት ላይ እንደመለሰም ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ፦ የትኛው ውሻ ለየትኛው ቤት?

በአማኑኤል ከተማ አጠገብ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ የሚኖር አንድ የገበሬ ቤተሰብ እናስብ። የቤቱ ጠባቂ የነበረው ውሻ አርጅቶ ሞቷል፤ ጅብም ሌሊት ሌሊት በበጎቹ በረት ዙሪያ ማንዣበብ ጀምሯል። ውሻ የወለደችለት ጎረቤታቸው ከቡችሎቹ አንዱን ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዳቸው «የጀርመን እረኛ የሚባለውን ውሻ ቡችላ ልላክላችሁ» አላቸው። ቤቱ ሁለት ውሻ ለመቀለብ አይችልም። የትኛውን ይቀበሉ?

ሁለቱም ውሾች እንደመሆናቸው በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚያበላቸውን ያውቃሉ፤ ባዕድ ሲመጣም ይጮኻሉ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ለሁለቱም ይሠራል። ልዩነታቸው የሚጀምረው ከአመጣጣቸው ነው። የጀርመን እረኛ ውሻ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ በጎች እንዲጠብቅ በሰው ምርጫ እየተዳቀለ የወጣ ዘር ነው፤ ከዚያም በኋላ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ሥራ በዓለም ታውቋል። የአገሩን ውሻ ግን የመረጠው ሰው ሳይሆን የደጋው ብርድ፣ ረኀቡና አውሬው ነው፤ ይህን ሁሉ የቻለው ተርፎ ወለደ።

በቀለብ ረገድም ይለያያሉ። የጀርመኑ ወንድ ውሻ ሙሉ ሰውነት ሲያወጣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለዚህም ሰውነቱ በየቀኑ ሥጋ ወይም ሥጋን የሚተካ በቂ ምግብ ይፈልጋል። የአገሩ ውሻ በሰውነቱ ያነሰ ሲሆን በእንጀራ ፍርፋሪና ከማዕድ በተረፈው ያድራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን እንደሚፈጅ አስታውሱ፤ ሥጋም ወተትም ከቤት በማይገኝበት በዚያ ወራት ለትልቅ ውሻ ቀለቡ ከወዴት ይመጣል?

በጠባያቸው ብንመለከታቸው፣ የጀርመኑ ውሻ ትእዛዝ ለመማር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚያሠራውና የሚያሠለጥነው ሰው ካላገኘ፣ ቀኑን ሙሉም ታስሮ ከዋለ ቁጡና አስቸጋሪ ይሆናል። የአገሩ ውሻ በአንጻሩ ትእዛዝ ለመቀበል ይዘገያል፤ ይሁን እንጂ ከእረኛው ጋር ከብት ተከትሎ ይውላል፤ ዝንጀሮ ከማሳ ያባርራል፤ ማታም ተመልሶ ደጅ ይተኛል።

«የጀርመኑ ውሻ ግዙፍ ስለሆነ ጅቡን ያሸንፋል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ክርክር አይጸናም፤ ጅብ ከሁለቱም ይበረታልና። በረቱን የሚያድነው የውሻው ግዝፈት ሳይሆን ጩኸቱን ሰምቶ ባትሪና ዱላ ይዞ የሚወጣው ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የአገሩ ውሻ ጩኸት ይበቃል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ከጀርመኑ ይልቅ የጎረቤቱን ቡችላ ቢቀበል ይሻለዋል። ግቢው የታጠረ፣ ቀለብ ለመግዛት የሚችል፣ ጠዋትና ማታ ውሻውን ለማሠራት ጊዜ ያለው የከተማ ነዋሪ ቢሆን ኖሮ ግን ፍርዱ በተለወጠ ነበር።

ምርጫው ምንም ቢሆን አንድ ግዴታ አይለወጥም፤ ውሻውን ማስከተብ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያተርፍ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በሽታው ለሰው ብቻ አይደለም የሚተርፈው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንዲሁም በ2003 ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር አይገኝም፤ በምሥራቅ ጎጃም ካለው ከጮቄ ተራራም ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ውሻ ማሳደግ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሐ. የምንባቡ አደረጃጀት

ጸሐፊው በመጀመሪያ ችግሩን አቀረበ፤ ቀጥሎ አንድነታቸውን፣ ከዚያም ልዩነታቸውን በሦስት ነጥብ ማለትም በአመጣጥ፣ በቀለብና በጠባይ ከፍሎ አሳየ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስለ ሁለቱም ተናገረ እንጂ አንዱን ብቻ አላወደሰም። ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ ራሱ አንሥቶ መለሰ፤ ፍርዱንም ከማስረጃው በኋላ ሰጠ።

መ. ሰዋስው፦ የማነጻጸሪያ ቃላት

1. «ከ...ይልቅ» ከሁለት ነገሮች አንዱን ለማስቀደም ይነገራል። ምሳሌ፦ ከጀርመኑ ይልቅ የጎረቤቱን ቡችላ ቢቀበል ይሻለዋል።
2. «በአንጻሩ» ቀድሞ ከተነገረው የሚቃረን ሐሳብ ያመጣል። ምሳሌ፦ የአገሩ ውሻ በአንጻሩ ትእዛዝ ለመቀበል ይዘገያል።
3. «ሳይሆን» አንዱን አፍርሶ ሌላውን ያጸናል። ምሳሌ፦ የውሻው ግዝፈት ሳይሆን ጩኸቱን ሰምቶ የሚወጣው ሰው ነው።
4. «ቢሆን ኖሮ» ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ ማሰሪያ አንቀጹም «በ...ነበር» ይሆናል። ምሳሌ፦ የከተማ ነዋሪ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በተለወጠ ነበር።

ሠ. መልመጃ

1. ምንባቡ ውስጥ ፍርዱን የወሰነው ዋና ምክንያት የትኛው ነው? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
2. «ይልቅ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ሳይሆን» እና «ቢሆን ኖሮ» በሚሉት ቃላት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
3. በፍርዱ የማትስማሙ ከሆነ ለጀርመኑ ውሻ ጥብቅና ቁማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. በቅሎንና ፈረስን፣ ወይም አህያንና ጋሪን ለአንድ የምታውቁት ቤተሰብ ኑሮ በማነጻጸር የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት «ለማን? ለምን ሥራ? በየትኛው ቦታ?» የሚሉትን ጥያቄዎች በማስታወሻችሁ ላይ መልሱ።