ስታቲክ-99 የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች የስጋት ግምገማና በቤት ውስጥ ያለው ሕፃን

በሕፃን ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጽሞ የተፈረደበት ሰው ከማረሚያ ቤት ሲወጣ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ይህ ሰው ወንጀሉን ይደግማልን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህ ሰው ወደሚመለስበት ቤት ያለው ሕፃን ደኅንነቱ የተጠበቀ ነውን?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ተቀራራቢ በመሆናቸው የአንዱ መልስ ለሌላውም እንደሚበቃ ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በዘርፉ በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ የሆነውን ስታቲክ-99ን መነሻ በማድረግ፣ ጥቃቱ በቤተሰብ ውስጥ በተፈጸመ ጊዜ ሁለቱ መልሶች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ማሳየት ነው።

መመዘኛው ከመምጣቱ በፊት ስጋትን የመገመት ሥራ በአመዛኙ ለባለሙያው ቃለ መጠይቅና የግል ምዘና የተተወ ነበር። ሃንሰንና ቡሲዬር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ወደ 29,000 የሚጠጉ ጥቃት ፈጻሚዎችን የሚመለከቱ 61 ጥናቶችን አጠቃለው ተነተኑ። በአማካይ ከአራት እስከ አምስት ዓመት በሆነ የክትትል ጊዜ ውስጥ አዲስ የወሲብ ወንጀል የተመዘገበባቸው 13.4 በመቶ ያህል ነበሩ። በሕፃናት ላይ ያተኮረ የወሲብ ፍላጎትና የቀድሞ የወሲብ ወንጀል ከደጋሚነት ጋር ግልጽ ዝምድና ሲያሳዩ፣ ድርጊቱን መካድና ለተጎጂው አለማዘን ግን ይህን ያህል ዝምድና አላሳዩም። የባለሙያው የግል ግምትም ቢሆን ከዕድል ብዙም የማይሻል ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 82 እውነተኛ ጸጸትን ቅጣት ከሚያቀሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህም በቅጣት አወሳሰን ረገድ ተገቢ ነው። ሆኖም «ተጸጽቷል» ከማለት «አይደግምም» ወደሚል ድምዳሜ መሻገር በጥናት የተደገፈ አይደለም።

ስታቲክ-99 ከእነዚህ ግኝቶች በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. በካርል ሃንሰንና በዴቪድ ቶርንተን የተዘጋጀ፣ ለአዋቂ ወንዶች ብቻ የሚያገለግል ባለ አሥር ነጥብ መመዘኛ ነው። ከፋይል የሚገኙ፣ በምክርም ሆነ በሕክምና የማይለወጡ ጉዳዮችን ይመዘግባል፦ ሲፈታ የነበረው ዕድሜ፣ ከፍቅር ጓደኛ ጋር ሁለት ዓመት አብሮ መኖሩ፣ ወሲባዊ ያልሆነ የኃይል ጥቃት፣ የቀድሞ የወሲብ ወንጀሎችና የቅጣት ውሳኔዎች፣ አካላዊ ንክኪ የሌለባቸው የወሲብ ወንጀሎች፤ በመጨረሻም ከተጎጂዎች መካከል ዘመድ ያልሆነ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቅ ወይም ወንድ መኖሩ። በዕድሜ ነጥብ ረገድ ተሻሽሎ የወጣው እትም ስታቲክ-99አር ይባላል።

አሠራሩን ለማየት ሁለት ምናባዊ ሰዎችን በተሻሻለው እትም እንመዝን። የመጀመሪያው የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ከማንም ጋር በጓደኝነት አብሮ ኖሮ አያውቅም፤ የማያውቀውን አንድ ወንድ ልጅ አንድ ጊዜ ደፍሮ ተፈርዶበታል። በዕድሜው፣ አብሮ ባለመኖሩ፣ ተጎጂው ዘመድ ባለመሆኑ፣ የማይተዋወቁ በመሆናቸውና ተጎጂው ወንድ በመሆኑ በእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ተደምሮለት 5 ያገኛል፤ ይህም «ከአማካይ በላይ» የሚባለው ደረጃ ነው። ሁለተኛው የ47 ዓመት የእንጀራ አባት ነው። ከልጅቱ እናት ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ልጅቱን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ሲደፍራት ቆይቶ ተይዟል፤ የቀድሞ ፍርድ የለበትም። ከአርባ ዓመት በላይ በመሆኑ አንድ ነጥብ ይቀነስለታል፤ በሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ነው። ድምሩ ከዜሮ አንድ ያነሰ፣ ደረጃውም «ከአማካይ በታች» ይሆናል። የሦስት ዓመቱ መደጋገም ነጥብ አልጨመረበትም፤ ተይዞ የተፈረደበት አንድ ጊዜ ነውና።

መመዘኛው እዚህ ላይ ስሕተት አልሠራም። በቤተሰብ ውስጥ ጥቃት የፈጸሙ ሰዎች ዳግመኛ የሚከሰሱበት መጠን ከሌሎቹ ዝቅተኛ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን የሚለካው ነገር ዳግመኛ መከሰስ ወይም መፈረድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እንጀራዋን ከሚያበላት ሰው ላይ አቤት ማለት ለአንዲት ሕፃን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ እናቲቱም ብትሆን በቤት ኪራይና በዘመድ ወቀሳ መካከል የተያዘች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ከፊሉ የባሕርይ፣ ከፊሉ ደግሞ የዝምታ ውጤት ነው፤ ድምሩ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም። በዚያ ቤት ታናሽ እኅት ካለች፣ የስጋቱ ዋና ምንጭ በአሥሩ ነጥቦች ውስጥ ያልተካተተው ነገር ማለትም በየዕለቱ አብሮ ማደር ነው።

ይህን ጉድለት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውና ለአመክሮ ተቆጣጣሪዎች የተዘጋጀው አኪዩት-2007 ከሚመዘግባቸው ሰባት ጉዳዮች አንዱ ጥቃት ፈጻሚው ተጎጂ ሊሆን ወደሚችል ሰው የመቅረብ ዕድል ነው። ተቆጣጣሪው ሰውየውን ባገኘው ቁጥር ከስካር፣ ከቁጣ፣ ቁጥጥርን ከመሸሽና ከመሳሰሉት ጋር ይህንንም አብሮ ያያል። በእኔ አስተያየት ለሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ከአሥሩ ቋሚ ነጥቦች ይልቅ ይህ አንድ ተለዋዋጭ ነጥብ የበለጠ ይጠቅማል።

የትንበያው አቅምም ልክ አለው። በልዩ ልዩ ጥናቶች የስታቲክ-99 ትክክለኛነት ወደ 0.70 ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ደጋሚና አንድ ደጋሚ ያልሆነ ሰው በዕጣ ቢመረጡ ከመቶ ሰባ ጊዜ ያህል ደጋሚው ከፍ ያለ ነጥብ ይኖረዋል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ሰዎች 100ዎቹ የሚደግሙ ይሁኑ፤ መመዘኛውም ከሁለቱም ወገን ሰባ በመቶውን በትክክል ይለይ። ከፍተኛ ስጋት አላቸው ከሚባሉት 340 ሰዎች የሚደግሙት 70 ብቻ ሲሆኑ፣ ዝቅተኛ ከተባሉት 660 ሰዎች ደግሞ 30ዎቹ ይደግማሉ። ከዚህም ሌላ መመዘኛው የሚያየው አስቀድሞ የተፈረደበትን ሰው ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ከ1986 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በወሲብ ወንጀል ከተያዙት መካከል ከመቶ ወደ 95 የሚጠጉት ቀደም ሲል በዚህ ዓይነት ወንጀል ያልተፈረደባቸው መሆናቸውን አሳይቷል።

መመዘኛን ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላ ማዛወር የራሱ ጥያቄ አለው። በካናዳ አንድ የሜቲስ ተወላጅ እስረኛ፣ ስታቲክ-99ን ጨምሮ አምስት መመዘኛዎች በነባር ሕዝቦች ላይ ተፈትሸው ትክክለኛነታቸው አልተረጋገጠም ሲል ከሰሰ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. የማረሚያ አስተዳደሩ የሚጠቀምበት መረጃ ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ባለማድረጉ ሕጋዊ ግዴታውን ጥሷል ሲል ወሰነ። መመዘኛው በአገሩ በካናዳ እንኳ ይህ ጥያቄ ከተነሣበት፣ በኢትዮጵያ እንዳለ ተርጉሞ መጠቀም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

በእኛ አገር ችግሩ ከትርጉም በፊት በመዝገቡ ይጀምራል። በስታቲክ-99 ከፍተኛው ክብደት እስከ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው ለቀድሞ የወሲብ ወንጀሎች ነው። ፈጻሚው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲሆን ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ በሽምግልና፣ በካሣና በእርቅ የሚያልቅበት አጋጣሚ አለ። እንዲህ ያለው ጉዳይ በፋይል ላይ ዜሮ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ያስታረቁት ሰው በሦስተኛው ቢፈረድበት፣ መመዘኛው የመጀመሪያ ጥፋቱ እንደሆነ አድርጎ ያነበዋል።

በማስተርስ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ጥናት ከዚህ ሊጀምር ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 የተፈረደባቸውን ሰዎች ፋይል በአንድ ማረሚያ ቤት መርምሮ፣ ፈጻሚውና ተጎጂው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ እንደነበር፣ ከክሱ በፊት ለቀበሌ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሽማግሌ የቀረበ አቤቱታ እንደነበረና ሰውየው ሲፈታ ወደ የትኛው ቤት እንደተመለሰ መመዝገብ ይቻላል። ሦስተኛው መረጃ ከፍርድ ቤት ፋይል ስለማይገኝ፣ ከመፈታቱ አስቀድሞ ለራሱ ለታራሚው መቅረብና መልሱም ከተጎጂዋ አድራሻ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።