ተበላሽቶ የሚደርስን የኢሜይል አባሪ ስለ መመርመር

በቤቱም ሆነ በመደብሩ ኮምፒዩተር የንግድ ደብዳቤውን ለሚቀበል ነጋዴ ሁሉ፥ ከኢሜይል ጋራ ተያይዞ የሚመጣው ሰነድ እንደ ዕቃው ራሱ የሚጠበቅ ነው። ፋክቱሩ ወይም የመርከብ ጭነት ሰነዱ አልከፈት ሲል የጉምሩኩ ሥራ ይዘገያል፤ ዕቃው በወደብ በቆየ ቁጥርም ኪራዩ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ «እንደ ገና ላክልኝ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ጉድለቱ በተቀባዩ ቤት ከሆነ አሥር ጊዜ ቢላክም አሥር ጊዜ ይበላሻልና፥ አስቀድሞ የተበላሸበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ኢሜይል በመጀመሪያ የተሠራው ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለማመላለስ ነበር። ሥዕልና ልዩ ልዩ ሰነድ በዚያው መንገድ እንዲያልፍ የፈቀደው፥ ማይም የተባለው ደንብ፥ በናትናኤል ቦረንስታይንና በኔድ ፍሪድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት አባሪው ብዙውን ጊዜ ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ ይለወጣል፤ ይኸውም የሰነዱ እያንዳንዱ 3 ባይት በ4 ፊደል ተጽፎ ይላክና በተቀባዩ ዘንድ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ከዚህ ጽሑፍ ጥቂት ቢጎድል ሰነዱ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። መጠኑም በመንገድ ሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 18 ሜጋባይት የነበረው 24 ይሆናል።

ምርመራው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የሰነዱን መጠን ከላኪው ጋራ አስተያዩ። እርሱ 812,340 ባይት ነው ሲል በእናንተ ዘንድ 301,056 ብቻ ቢገኝ፥ ሰነዱ ሳይፈጸም ተቋርጧል ማለት ነው። ላኪውም ከላካቸው መልእክቶች መካከል ያንኑ ቅጂ ከፍቶ ይመልከት፤ ለእርሱም ካልተከፈተለት ጥፋቱ ከመነሻው ነው።

ሁለተኛ፥ መልእክቱን በኮምፒዩተራችሁ የኢሜይል ፕሮግራም ሳይሆን በኢንተርኔት ገጽ ገብታችሁ አውርዱ። በዚያ ከተከፈተ ሰነዱ በኢሜይል ድርጅቱ ሰርቨር ደኅና ነው። እንግዲህ ጉድለቱ በቤታችሁ ፕሮግራም፥ በሚቆራረጠው መሥመር፥ ወይም ኢሜይል በሚፈትሸው ጸረ ቫይረስ ዘንድ ይፈለግ። ይህ ፈተና እንዲቻል ግን፥ መልእክት ከወረደ በኋላ ቅጂው በሰርቨሩ እንዲቀር ፕሮግራሙን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ በሰነዱ ፈንታ ዊንሜል ዶት ዳት የሚባል ፋይል ቢደርሳችሁ ተበላሸ አትበሉ። አውትሉክ የተባለው ፕሮግራም በራሱ ልዩ አጻጻፍ ያሸገው ነው። ላኪው የመልእክቱን አጻጻፍ ወደ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ወይም ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ ቢልከው ይቃናል።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ አለ። አልከፈት ያለ አባሪ የይለፍ ቃል እንድትሰጡ ወይም ጸረ ቫይረሱን እንድታጠፉ ቢጠይቅ፥ እሺ አትበሉ። እንደ ገና የተላከው ፋክቱርም ከፊተኛው የተለየ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢያሳይ፥ ቀድሞ በምታውቁት የስልክ ቁጥር ደውላችሁ ከደንበኛችሁ አፍ ሳትሰሙ ገንዘብ አትላኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ምርመራ ብዙ ቀን ከሚፈጅ ክርክር ያድናል።