ለብ ያለ አየር የሚሰጥ የመኪና ማሞቂያ

በታኅሣሥ ማለዳ ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የመኪናው ማሞቂያ ለብ ያለ አየር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በቅድሚያ የራዲያተሩን ውሃ መጠን፣ ቀጥሎም ቴርሞስታቱን መመርመር ይገባል። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ሞተሩን አቀዝቅዞ ከሚመለሰው ውሃ ነው። ቴርሞስታቱም ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል።

ሞተሩ ዳገት ላይ እንዳይፈላ በሚል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል በባለሙያዎች ዘንድ እንኳ ይታያል፤ ውጤቱ ግን በወጉ የማይሞቅ፣ ነዳጅ የሚያባክንና ቶሎ የሚያረጅ ሞተር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት የሚያምቅ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል (ስለዚህም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አይከፈትም)።

ለምርመራው ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስቶ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ መዳሰስ ይበቃል፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ አይዘጋም፣ ወይም ከነጭራሹ የለም።