ትምህርት ዘጠኝ፦ ለቤት የሚሆኑ የኮምፒውተር ክፍሎች አመራረጥ

ባለፈው ትምህርት ስለ ተራኪ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ይነግራል። በዚህ ትምህርት የምትመለከቱት ደግሞ አስረጂ ድርሰትን ነው። አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ለአንባቢው ግልጽ ያደርጋል። አስረጂ ድርሰት የሚጽፍ ሰው «ይህ ይሻላል» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ለምን እንደሚሻል ጭምር ይናገራል።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።
1. ቤተሰቦቻችሁ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት ስለ ምን ይመካከራሉ?
2. የኮምፒውተርን ክፍሎች ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም ምን ጥቅም፣ ምንስ ችግር ያለው ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡ ለእያንዳንዱ ምርጫ የቀረበውን ምክንያት በደብተራችሁ መዝግቡ።

ከሥራው ወደ ዕቃው

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ተገጣጥሞ ያለቀለት ሊገዛ ይችላል፤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መርጦ በመገጣጠምም ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ገዢው ለማይፈልገው ነገር ገንዘብ እንዳያወጣ ይረዳዋል፤ አንድ ክፍል ሲበላሽም ያንኑ ክፍል ብቻ ለመለወጥ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም የሚገኘው አስተውሎ ለሚመርጥ ሰው ነው። በጥድፊያ የተገዛ ክፍል ከሌላው ጋር አልገጥም ሲል ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ እናትና ሁለት ልጆች አሉ እንበል። እናት የሱቃቸውን ሒሳብ ይመዘግባሉ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ድርሰት ትጽፋለች፤ ትምህርታዊ ፊልሞችንም ትመለከታለች። ወንድሟ ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ ይወዳል። የተጠራቀመው ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ወንድምየው «አስቀድመን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ እንግዛ» ይላል። ይህ ሐሳብ ቢፈጸም ምን ይከተላል? ካርዱ የገንዘቡን እኩሌታ ሊወስድ ይችላል። ለቀሩት ክፍሎች የሚተርፈው ጥቂት ስለሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ከርካሹ ይመረጣል። ያ ደካማ ዕቃ በተቃጠለ ጊዜ ደግሞ ሌሎቹን ክፍሎች ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ያምራል?» ሳይሆን «ኮምፒውተሩ ምን ይሠራበታል?» የሚል መሆን አለበት። ለሒሳብ፣ ለጽሑፍና ለፊልም የግራፊክስ ክፍል በውስጡ የያዘ ፕሮሰሰር ይበቃል።

ፕሮሰሰር የሚሰጡትን ትእዛዞች እያሰላ የሚፈጽም ክፍል ነው። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ከሠራቸው መካከል ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው የግራፊክስ ክፍል አለው፤ ራይዘን 5 5600 ግን የለውም። ኢንቴል ከሠራቸው መካከል ደግሞ ኮር አይ5 12400 አለው፤ ኮር አይ5 12400ኤፍ የለውም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንዱ ኩባንያ ዕቃ ላይ የተጨመረችው ፊደል «አለ» ስትል፣ በሌላው ላይ የተጨመረችው «የለም» ትላለች። የግራፊክስ ክፍል የሌለውን የገዛ ሰው ለብቻው ካርድ ካልጨመረ በቀር ኮምፒውተሩ ቢበራም በስክሪኑ ላይ ምንም አያይም። በቋንቋችን «ሰበረ» እና «ተሰበረ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ሰባሪውን ከተሰባሪው የምትለየውም ያችው ፊደል ናት። የዕቃ ስምም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ መነበብ ይገባዋል።

ማዘርቦርድ ክፍሎቹን ሁሉ የሚያገናኝ ሰሌዳ ነው። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ በጾታና በቁጥር እንደሚስማሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩም ከሚቀመጥበት ሶኬት ጋር መስማማት አለበት። ራይዘን 5 5600ጂ የሚቀመጠው ኤኤም 4 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም 5 ይህን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ራምም እንዲሁ ነው። ኤኤም 4 ዲዲአር 4 የተባለውን የራም ዓይነት ይፈልጋል፤ ኤኤም 5 ደግሞ ዲዲአር 5 የተባለውን። ሁለቱም የራም ዓይነቶች 288 መገናኛ ነጥቦች ስላሏቸው ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን በጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተት በተለያየ ቦታ የተቆረጠ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አልገባ ያለውን በጉልበት የሚጫን ሰው ማስገቢያውን ይሰብራል።

ከላይ ለተጠቀሰው ቤተሰብ 16 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ሲገዛም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ መቀበል ይችላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ክፍል የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ተበድሮ በመሆኑ የምስሉም ፍጥነት ይሻሻላል።

የሚጻፈውና የሚመዘገበው ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስ ኤስ ዲ ነው። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው ይዘገያል፤ ሲመታም በቀላሉ ይጎዳል። ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሳታ በተባለው ገመድ የሚገናኝ ኤስ ኤስ ዲ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያህል ሊያነብ ይችላል፤ የተለመደው ሃርድ ዲስክ ከዚህ እኩሌታ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ፕሮግራም በኤስ ኤስ ዲ ላይ ቢቀመጥ፣ ብዙ ፊልም የሚያከማች ሰው ደግሞ ሃርድ ዲስክን በተጨማሪነት ቢይዝ መልካም ነው።

ፓወር ሰፕላይ የሚመረጠው ክፍሎቹ የሚወስዱትን ዋት በመደመር ነው። ግራፊክስ ካርድ የሌለው የዚህ ቤተሰብ ኮምፒውተር ከ200 ዋት ማለፉ ያጠራጥራል። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ ቢጨመርበት ግን ካርዱ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ሠሪው ኩባንያም ለዚህ ካርድ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ ዕቃው ይህን የሚቀበል መሆኑን ከጀርባው ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ዩፒኤስ ይጨመራል። ዩፒኤስ በውስጡ ባትሪ ስላለው ጽሑፍን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በአግባቡ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል።

የመጨረሻው ክፍል ኬዝ ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ እስከ 24.4 ሴንቲ ሜትር በ24.4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ኤቲኤክስ የሚባለው 30.5 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሹ ሰሌዳ በትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ግን ለትንሹ በተሠራ ኬዝ ውስጥ አይገባም። አቧራ በሚበዛበት ቤት የአየር መግቢያው ወንፊት ያለው ቢሆን ይጠቅማል።

የወንድምየው ፍላጎትስ? እርሱም መና አይቀርም። ቤተሰቡ ዛሬ ባለ 550 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይና የካርድ ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ከገዛ፣ ካርዱ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይጨመራል። በዚህ ዓይነት የእናትየው ሒሳብ ሳይጓደል፣ የእኅትየው ጽሑፍ ሳይቋረጥ፣ የወንድምየውም ተስፋ ሳይቆረጥ የጋራ ገንዘባቸው በጋራ ጥቅም ላይ ይውላል።

ሐ. የቃላት ፍች

ጥድፊያ — ችኮላ
እኩሌታ — ግማሽ
ባከነ — ያለ ጥቅም ጠፋ
መና ቀረ — ሳይፈጸም፣ ፍሬ ሳያገኝ ቀረ

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትን፣ ሁኔታንና ዓላማን መግለጽ

አስረጂ ድርሰት የሚጠነክረው ዋናው ሐረግና ጥገኛው ሐረግ በሚገባ ሲያያዙ ነው። ከምንባቡ የተወሰዱትን የሚከተሉትን ምሳሌዎች ተመልከቱ።

1. «የሚተርፈው ጥቂት ስለሚሆን … ከርካሹ ይመረጣል።» እዚህ ላይ «ስለ» ምክንያትን ያመለክታል።
2. «ካርድ ካልጨመረ በቀር … ምንም አያይም።» «ካል … በቀር» ሁኔታን ያመለክታል።
3. «ኮምፒውተሩ ቢበራም … ምንም አያይም።» «ቢ … ም» ተቃርኖን ያመለክታል።
4. «ለማይፈልገው ነገር ገንዘብ እንዳያወጣ ይረዳዋል።» «እንዳ» ዓላማን በአሉታ ያመለክታል።

ብዙ ተማሪዎች «ኤስ ኤስ ዲ ገዛሁ፤ ምክንያቱም ፈጣን ስለ ሆነ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አጻጻፍ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ «ምክንያቱም» እና «ስለ» አንድን ምክንያት ደግመው ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ ዐረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ «ፈጣን ስለ ሆነ ኤስ ኤስ ዲ ገዛሁ» ወይም «ኤስ ኤስ ዲ ገዛሁ፤ ምክንያቱም ፈጣን ነው» ማለት ይገባል።

ሠ. የድርሰቱ አጻጻፍ

አስረጂ ድርሰት ለመጻፍ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ። በመጀመሪያ አንባቢያችሁ ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚያውቅ አስቡ። ቀጥሎ ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በምንባባችን ውስጥ ዋናው ሐሳብ «ዕቃ የሚመረጠው ከሚሠራበት ሥራ በመነሣት ነው» የሚል ነው። ከዚያም ለእያንዳንዱ ንኡስ ሐሳብ አንድ አንቀጽ ስጡ፤ በየአንቀጹም ምርጫውን ከምክንያቱ ጋር አያይዙ። በመጨረሻ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡና ምክንያት ያልተሰጠው ምርጫ ካለ ወይ ምክንያቱን ጨምሩ፣ ወይ ምርጫውን ሰርዙ። ምክንያቱን ልትጽፉት ያልቻላችሁት ምርጫ ምናልባት ከምኞት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ረ. መልመጃ

1. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
   ሀ) የወንድምየው ሐሳብ ወዲያውኑ ተቀባይነት ቢያገኝ ቤተሰቡ ምን ጉዳት ሊደርስበት ይችል ነበር?
   ለ) ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
   ሐ) ቤተሰቡ ዛሬ ካርድ ሳይገዛ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ መግዛቱ ተገቢ ነውን? አስረዱ።

2. የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ምዕላድ አማካይነት አንድ አድርጉ።
   ሀ) ሶኬቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አይስማማም። ኮምፒውተሩ አይሠራም። (ካል…)
   ለ) መብራት በድንገት ይጠፋል። ዩፒኤስ ያስፈልጋል። (ስለ…)
   ሐ) ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው። ሃርድ ዲስኩ ሥራውን ያዘገየዋል። (ቢ…ም)

3. እናንተ ከእናታችሁ፣ ከአባታችሁ ወይም ከሌላ አሳዳጊያችሁ ጋር ሆናችሁ ለቤት የሚሆን ኮምፒውተር ልትገዙ ነው እንበል። የቤተሰባችሁን ሥራ ከግምት አስገብታችሁ የምትመርጧቸውን ክፍሎች የሚያስረዳ ከአምስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱን የሚያነብላችሁ ገንዘቡን በድካም ያጠራቀመው ሰው መሆኑን አትዘንጉ። የማያውቀውን ስም በጠራችሁ ቁጥር ምን እንደ ሆነ አስረዱት፤ ገንዘብ እንዲያወጣ በጠየቃችሁት ቁጥርም ምክንያቱን ንገሩት።