ዙሩን ማን ያክርር?

የዛሬው ትምህርት ስለ 10,000 ሜትር ሩጫ ነው። ውድድሩ 25 ዙር ነው። ከፊት የሚመራው ነፋሱን እየገፋ ስለሚሮጥ ቶሎ ይደክማል፤ የሚከተለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ደጎሎ ሜዳ ላይ ነፋስ ሲነሳ አይታችሁት የለም እንዴ!

በ1972 ዓ.ም በሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቀዝቀዝ እያደረጉ የሌሎቹን አሯሯጥ አበላሹ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከና ወርቅ ወሰደ። “ማርሽ ቀያሪው” መባሉ ለዚህ እኮ ነው። መሐመድ ነሐስ አገኘ፤ ቶሎሳ 4ኛ ወጣ።

በ2016 ዓ.ም በፓሪስ ግን ዘዴው ሌላ ነበር። ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ዙሩን አከረሩት። ሲከተል የቆየው ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ መጨረሻ ላይ ወጥቶ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አሸነፈ፤ የቀነኒሳ በቀለ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰንም ተሰበረ። በሪሁ ብር አገኘ። እኔ ብሆን አንዱን እስከ መጨረሻው ከኋላ እደብቀው ነበር።

ለክፍሎች ውድድር እኔን አሯሯጭ አድርገውኛል። “ሁለት ዙር ልምራ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ ይረከበኝ” ብዬ የስፖርት መምህራችንን ጠይቄያለሁ። ገና አልመለሱልኝም።