ድመትን መታቀፍ ማስለመድ



በየቤታችን ድመት የምናኖረው ለጌጥ አይደለም። ከራሽን እደላ ያመጣነውን ዱቄትና ምስር አይጥ እንዳይቀድመን ብለን ነው። ይሁን እንጂ አይጥ የምትይዘው ድመትም ራሷ የምትያዝበት ቀን ይመጣል። ቤት ስንቀይር፣ እግሯን እሾህ ሲወጋት፣ ዓይኗ ሲታመም ወይም ክትባት ሲመጣ ማቀፍ ግድ ይሆናል። መታቀፍ ያልለመደች ድመት በዚያ ቀን ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ያ ቀን ሳይደርስ ድመቷን እንዴት ማለማመድ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

1. ድመት መያዝን ለምን ትፈራለች?

ድመት አዳኝ ብትሆንም ትንሽ እንስሳ በመሆኗ እሷም ትታደናለች። ውሻም፣ ቀበሮም፣ ትልቅ አሞራም ጠላቶቿ ናቸው። ስለዚህ እግሯ ከመሬት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣባት ስሜት ጠላት ያዘኝ የሚል ነው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህም ዛሬ ድረስ በአገራችንና በጎረቤት አገሮች ይገኛል። እንደ በግ በመንጋ የሚኖር ሳይሆን ብቻውን የሚያድን እንስሳ ነው። እንግዲህ ድመት ስትቧጭር ክፉ ሆና ሳይሆን ፈርታ ነው። ፍርሃት ደግሞ በጉልበት አይጠፋም፤ ይብሳል።

2. ከመቼ ይጀመራል?

ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ግልገሏ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለችበት ነው። በዚህ ዕድሜዋ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በለስላሳ እጅ የተዳበሰች ግልገል አድጋም ሰው አትፈራም። ነገር ግን 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለይዋት። ያደገች ድመት፣ በተለይም የተራበችና የተደበደበች ከሆነች፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጅባታል። ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3. የማለማመድ ቅደም ተከተል

ሀ. መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ከላይ ሆኖ የሚያጎነብስ ሰው ለድመት ያስፈራል። ዓይኗን ትኩር ብላችሁ አትዩ። ጣታችሁን ዘርጉላትና ራሷ መጥታ ታሽትተው።

ለ. ጉንጯን፣ ከአገጯ ሥርና ከጆሮዋ አጠገብ ዳብሷት። ሆዷንና ጅራቷን አትንኩ። ጥቂት ከዳበሳችሁ በኋላ እጃችሁን አንሡ። ተጠግታ ራሷን ከታሸች ፈልጋለችና ቀጥሉ፤ ዝም ካለች ወይም ከራቀች ተዉአት።

ሐ. ይህን ስትለምድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አግቡና ሳታነሷት መልሱ። ለጥቂት ቀናት ይህን ብቻ ደጋግሙ።

መ. ከዚያ በኋላ አንድ እጅ ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ ሥር፣ ሌላው እጅ በመቀመጫዋ ሥር ይሁን። አንሥታችሁ ወደ ደረታችሁ አስጠጓት። የኋላ እግሮቿ ከተንጠለጠሉ ትደነግጣለች። እስከ ሦስት ቆጥራችሁ፣ ሳትታገል በፊት፣ አራቱም እግሮቿ መሬት እስኪነኩ ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቋት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። ድመት ታግላ ከተለቀቀች የምትማረው መታገል እንደሚያስለቅቅ ነው። ሳትታገል ከተለቀቀች ግን መታቀፍ ወጥመድ አለመሆኑን ታውቃለች። ከሦስት ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አሥር እያላችሁ ጊዜውን አስረዝሙ።

ከለቀቃችኋት በኋላ ከተገኘ ቅመም ያልነካው ቁራጭ ሥጋ ወይም ዓሣ ስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ደሟን ስለሚጎዳ አይሰጣትም። ወተትም ያደጉ ድመቶችን ብዙ ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። የሚሰጥ ከሌለም ጉንጯን መዳበስ ይበቃል።

4. በቃኝ ስትል እንዴት ይታወቃል?

ጅራቷን ታወናጭፋለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች፤ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፤ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፤ ሰውነቷ ይገተራል። ከእነዚህ አንዱን ስታዩ ወዲያው አስቀምጧት። ከጉሮሮዋ የሚሰማው እርር የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የደስታ ነው፤ ሆኖም ስትታመምም ልታሰማው ስለምትችል ሌላውንም ምልክት ተመልከቱ።

5. ለወላጆች

ልጆች ድመት የሚያቅፉት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ ይሁን። በማጅራቷ አንጠልጥለው እንዳይዟት አስተምሯቸው፤ እናት ድመት እንዲህ የምትሸከመው ገና ትንንሽ ግልገሎቿን ነው። የምትበላን፣ የተኛችን ወይም የምታጠባን ድመት አይንኩ። ከካምፕ ውጭ ጫካ ውስጥ የተገኘ ግልገልም የዱር ድመት ሊሆን ስለሚችል አያንሡ።

6. ብትነክስ ወይም ብትቧጭርስ?

በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ቢሆንም፣ ድመትም ታስተላልፋለች። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ይከላከሉታል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ በሚገኝበት ቦታ ይህ ከባድ ነው፤ ቢሆንም በዚህ ጊዜ ውኃ አይቆጠብም፤ ጎረቤትም ያበድር። ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉበት። በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ሂዱ፤ ክትባት ከተጀመረም እስከ መጨረሻው ጨርሱ። ልጆች ቁጣ ፈርተው ጭረት እንዳይደብቁ፣ ሲነግሯችሁ አትቆጧቸው።

የዋህ የነበረች ድመት በድንገት ሰው መንከስ ከጀመረች፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃታት ማንም አይንካት። ለብሎክ ተጠሪ ወይም ለክሊኒክ አስታውቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድመትን ሳትታገል በፊት መልቀቅ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. ድመት በቃኝ ስትል የምታሳያቸውን ሦስት ምልክቶች ጥቀሱ።
3. ልጃችሁ ዛሬ ማታ ድመት ቧጨረችኝ ቢላችሁ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ሳሙናው የት እንደተቀመጠ ልጆቹ ያውቃሉ?