ዕቃ መውደድና ዕቃ ማወቅ
(ከሸርቆሌ በተወሰዱ ምሳሌዎች የቀረበ ትምህርት)

በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ከሚሰሙት ክርክሮች ሁሉ ፍጻሜ የሌለው የስልክ ክርክር ነው። አንዱ የአይፎን፣ ሌላው የሳምሰንግ፣ ሦስተኛው የቴክኖ ጠበቃ ሆኖ ይነሣል፤ የካሜራው ሜጋፒክሰልና የባትሪው ሚሊ አምፔር እንደ ጀግና ፉከራ ይደረደራል። ክርክሩን አንነቅፍም፤ እኛም ከተከራካሪዎቹ ወገን ነን። ዳሩ ግን አንድ ሰው ከመካከል ተነሥቶ «ለመሆኑ ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ጨዋታው ወዲያው ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ዕቃ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃ ማወቅ ግን ሌላ ነው። መውደዱ ገንዘብ ላለው ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ማወቁ ግን ድካም ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ መሣሪያ የሰው ንብረት የሚሆነው በገዛው መጠን ሳይሆን ባወቀው መጠን ነው። የማያውቀው ሰው ዋጋውን ከፍሎም ቢሆን የመሣሪያው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነንን ከአዲስ አበባ ሱቆች ሳይሆን ከሸርቆሌ ለመውሰድ መርጠናል። ሸርቆሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚገኝ የበርታ ሕዝብ አገር ነው። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በወርቁ ይታወቃል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የተከፈተው የስደተኞች መጠለያም በስሙ ይጠራል። ከትልቅ ከተማ በራቀ ስፍራ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ በማግሥቱ በአዲስ አይለወጥም። ስለዚህ እኛ ዘንድ መዝናኛ የሆነው ዕውቀት እዚያ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል።

1ኛ. ገበቴውና ሚዛኑ

ወርቅ በእጅ የሚታጠብበትን ከእንጨት የተጠረበ ገበቴ ያየ ተማሪ «ኋላ ቀር ዕቃ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ገበቴው የፊዚክስ መሣሪያ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ነጭ አሸዋ ግን 2.65 ግራም ብቻ ነው። ወርቁ ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ገበቴው በውሃ ውስጥ ሲሽከረከርና ሲነቀነቅ አሸዋው ይሄዳል፣ ወርቁ ወደ ግርጌ ይወርዳል። በመጨረሻ ከወርቁ ጋር የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ብዙውን ጊዜ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ነው፤ እርሱም 5.2 ገደማ ስለሚመዝን በቀላሉ አይታጠብም፤ ሲደርቅ ግን በማግኔት ይለቀማል። አጣቢው ወይም አጣቢዋ «ዴንሲቲ» የሚለውን ቃል ባይሰሙት እንኳ ነገሩን በእጃቸው ያውቁታል። ቃሉን ይዘን ነገሩን ያልያዝነው እኛ ነን።

ችግሩ የሚመጣው ወርቁ ከገበቴ ወጥቶ ወደ ሚዛን ሲደርስ ነው። የኪስ ዲጂታል ሚዛን ቁጥሩን እያበራ ስለሚያሳይ የማይሳሳት ይመስላል። ሆኖም ማናቸውም ሚዛን ሊዛባ፣ ሊያረጅ፣ ሆን ተብሎም ሊጣመም ይችላል። ወርቅ በግራም ክፍልፋይ ስለሚሸጥ የሚዛኑ ስሕተት በቀጥታ የአንድ ቤተሰብ እራት ነው። ታዲያ ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?

መልሱ ቀላል ነው። ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ መርፌ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለክቶ፣ የባዶውን ኩባያ ክብደት ወደ ዜሮ መልሶ፣ ውሃውን በኩባያው ማድረግ ነው። ሚዛኑ ወደ 10 ግራም ካሳየ ደኅና ነው። መርፌው ራሱ ጥቂት ልዩነት ስለሚኖረው ትንሽዋን ስሕተት አያጋልጥም፤ 10ሩን 8 ወይም 7 የሚያደርገውን ሚዛን ግን ወዲያው ያሳጣዋል።

ከዚህ አልፎ የወርቁን ጥራት ለመገመት የአርኪሜደስ ሕግ አለ። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ በሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ከዚያም አንኳሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ግርጌና ጎን ሳያስነኩ በውሃው ውስጥ ማጥለቅ ነው። ሚዛኑ ያን ጊዜ የሚያሳየው አንኳሩ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። 10 ግራም ንጹሕ ወርቅ 0.52 ያህል ያሳያል፤ 10 ግራም ናስ ግን ወደ 1.2 ይደርሳል። ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ብር ስለሚቀላቀልበት፣ አንዳንዴም ድንጋይ ስለሚያዝል፣ ቁጥሩ ከ0.52 ከፍ ቢል ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ተንግስተን የተባለው ብረት ደግሞ ክብደቱ ከወርቅ ጋር ስለሚተካከል በዚህ ፈተና አይለይም። ምን እንደሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማያሳይም ማወቅ የሳይንስ ግማሹ ነው።

2ኛ. የሚጮኸው መሣሪያ

በወርቅ አገር ብረት ፈላጊው መሣሪያ ብዙ ወጣት ያስጎመጃል። በመሣሪያው ጫፍ ያለው የመዳብ ጥቅል ተለዋዋጭ ኮረንቲ ሲያልፍበት ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት በመሬት ውስጥ ያለው ብረት የራሱን ኮረንቲ ያነሣል፤ መሣሪያውም ያንን ሰምቶ ይጮኻል። ስለዚህ መሣሪያው ወርቅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ነገርን ነው። የቆርቆሮ ክዳንም፣ ምስማርም፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈርም ያስጮኸዋል። ይህን ሳያውቅ በብድር የሚገዛ ሰው የገዛው ተስፋን ነው። የእኛን አስተያየት የሚጠይቅ ቢኖር፣ በብድር መሣሪያ ከመግዛት በፊት ከአንድ የሠራበት ሰው ጋር ሁለት ቀን መዋል ይሻላል እንላለን።

3ኛ. የፀሐይ መብራት ሒሳብ

ከዘመናችን መሣሪያዎች ሁሉ እኛ የምናደንቀው የፀሐይ መብራትን ነው። የሚሽከረከር አካል የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ አይጮኽም። በቤል ላቦራቶሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ለሕዝብ የታየው የሲሊከን ሴል ከፀሐይ ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጥሩ ሰሌዳዎች 20 በመቶና ከዚያም በላይ ይለውጣሉ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 10 ዋት የሆነ ሰሌዳ በበጋ ቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 50 ዋት ሰዓት ይሰጣል። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው የስልክ ባትሪ፣ በ3.85 ቮልት ሲባዛ፣ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። 3 ዋት የሆነ አምፑል ለ5 ሰዓት ሲበራ 15 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ አንድ ስልክና አንድ መብራት 34 ናቸው፤ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮበትም ይበቃል። ሁለት ስልክና አንድ መብራት ግን 53 ስለሚሆኑ አይበቃም። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ሲሰካበት ማታ መብራቱ የጠፋበት አባወራ «ዕቃው ውሸተኛ ነው» ይላል፤ ዕቃው ግን አልዋሸም፤ ሒሳቡን የነገረው ሰው ጠፍቶ ነው።

ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። ሰሌዳው ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ለያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ አገር ሰሌዳውን በጋለ ቆርቆሮ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ በእንጨት ከፍ ማድረግ ያሻል። ሸርቆሌ በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ በጥቂቱ ወደ ደቡብ ማዘንበል ይበቃዋል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። ባትሪው ደግሞ በጥላ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

4ኛ. ራዲዮና ስልክ

ቀን የማይሰማ የሩቅ ራዲዮ ማታ ለምን ይሰማል? በሰማይ ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው የታችኛው የኤሌክትሪክ ሽፋን ቀን የመካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ይህ ሽፋን ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ሞገዱ ወደ ላይኛው ሽፋን ደርሶ እየነጠረ ሩቅ አገር ይወርዳል። ኤፍ ኤምና የስልክ ሞገድ ግን በቀጥታ ስለሚጓዙ ኮረብታ ይጋርዳቸዋል። ስልክ ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጣቢያውን ለማግኘት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻልና። ጣቢያ ጨርሶ በሌለበት መንገድ የበረራ ሁነታ ላይ ማድረግ ባትሪን ያተርፋል። ሜጋፒክሰልን በሚመለከት ደግሞ፣ በጠባብ ሴንሰር ላይ ብዙ ነጥብ ማጨቅ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰውን ብርሃን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ የቁጥር ብዛት ብቻውን ጥሩ ሥዕል አይሰጥም።

5ኛ. ግድቡ ቅርብ፣ መብራቱ ሩቅ

በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። «በግድቡ አጠገብ ያለ መንደር ስለ ምን ኩራዝ ያበራል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ንዴት ብቻውን መልስ አይሆንም። ኃይሉ ከግድቡ የሚወጣው እስከ 500,000 ቮልት በሚደርስ መስመር ነው። ምክንያቱም ቮልቴጁ በ10 እጅ ሲጨምር ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ወደ አንድ ዐሥረኛ፣ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ይህን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት 220 ቮልት ለማውረድ በየደረጃው ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ግድቡ የት ነው?» ሳይሆን «ማከፋፈያው የት ነው? መቼስ ይሠራል?» የሚል ነው። አዋቂ ጠያቂን ማንም በቀላሉ አይሸኘውም።

ማጠቃለያ

ይህን ስንል አዲስ ዕቃ መውደድ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። መውደድ የማወቅ በር ሊሆን ይችላል፤ ክፋቱ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ነው። ከጥራዝ ነጠቅነት የምንድንበት አንድ ፈተና አለ፦ የመሣሪያውን አሠራር በበርታኛ ይሁን በጉሙዝኛ፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ እናት ማስረዳት መቻል ነው። በባዕድ ቃል ብቻ የምናውቀውን ነገር ገና አላወቅነውም።

ሚዛኑን የሚያውቅ ነጋዴ ሚዛኑን በማያውቅ አጣቢ ላይ ጌታ ነው፤ ሰሌዳውን የሚያውቅ ሻጭም ሒሳቡን በማያውቅ ገዢ ላይ እንዲሁ። በመካከላቸው መቆም የሚችል የተማረ ሰው በስልኩ ዓይነት ሲፎካከር ከዋለ፣ ትምህርቱ ለማን ነው? እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከልብሳችን ጋር አንድ መርፌ፣ አንድ ማግኔትና አንድ ርካሽ መልቲሜትር እንያዝ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. 12 ግራም የሚመዝን አንኳር በውሃ ፈተና 0.75 ቢያሳይ ስለ ጥራቱ ምን ማለት ይቻላል? ምንስ ማለት አይቻልም?
ለ. በክረምት ያው 10 ዋት ሰሌዳ የ2 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ቢያገኝ፣ ቤተሰቡ ከስልኩና ከመብራቱ የትኛውን ያስቀድም?
ሐ. እያንዳንዳችን በኪሳችን ካለው መሣሪያ አንዱን ክፍል መርጠን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በ5 ደቂቃ እናስረዳ። ያልተረዳ አድማጭ ቢገኝ ጥፋቱ የማን ነው?